የሽባባው የውሃ ዕጣ

ውሃ በሚካፈሉ ሰዎች መካከል ዕጣ በወጣ ቁጥር ሽማግሌዎች የሚደጋግሟት አንዲት አባባል አለች። ሲሰሟት ቀላል ናት፤ ግን በዋዛ አልተገኘችም፣ የአንድ ምስኪን ማሳ ደርቆባታል።

ሰውየው ሽባባው ይባላል። በመንደሩ ያለችው ምንጭ በጋ ሲገባ ትቀጥንና ከአንድ ማሳ በላይ አታጠጣም። ስለዚህ ስድስቱ ባለማሳዎች በየዓመቱ ዕጣ ይጣጣላሉ። ዕጣ የወጣለት በጋውን ሙሉ ያጠጣል፤ የቀሩት መሬታቸውን ጦም ያሳድራሉ፣ አለዚያም ከገደሉ ሥር ካለው ወንዝ በትከሻቸው ያመላልሳሉ። ሽባባው አራት በጋ ሙሉ ዕጣ አጥቶ አራት በጋ ሙሉ ተሸክሟል። ወገቡ አልቋል። ተስፋ ማድረጉ ራሱ እንደ ሸክሙ ሰልችቶታል።

በአምስተኛው ዓመት አንድ ሐሳብ መጣለት። "ዕጣ አራት ጊዜ ካለፈችኝ እንግዲህ ወዴት ትሄዳለች? ዘንድሮማ የኔ ናት" አለና፣ ዕጣው ሳይወጣ ማሳውን ሙሉ የበርበሬ ችግኝ ተከለበት። ቤተሰቡ ከዚያ በርበሬ ሌላ የሚጠብቀው ነገር አልነበረም።

የዕጣው ዕለት ጠዋት ጎረቤቱ አንጓች መጣች። ባሏ የሞተባት፣ አምና ዕጣ የወጣላት ሴት ናት።

"አያ ሽባባው፣ እስቲ እንማከር። ዕጣው ላንተም ይውጣ ለኔ፣ ውሃውን ለሁለት እንካፈል። ከስድስት አንዱን ከመጠበቅ ከስድስት ሁለቱን መጠበቅ አይሻልም? ግማሽ ማሳም ቢሆን ያበላል።"

"አንቺማ አምና ጠግበሽ!" አላት፣ ድምፁ ዝሎ። "ዕጣ አንድ ቤት ትደጋግማለች? እጄ የገባ ውሃ ለምን አካፍላለሁ?"

"አምና ማን እንዳጠጣ እሷ በምን ታውቃለች?"

"እኔ አውቃለሁ። ደክሞኛል፣ አንጓች። ዘንድሮም ካለፈችኝ መቆሚያ የለኝም።"

"እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ምንጯ አጠገብ ተሰበሰቡ። ውሃውን የሚያደላድሉት ሽማግሌ፣ የውሃ አባት የሚሏቸው አባ ድንበሩ፣ እንደ ደንቡ የየሰዉን ምልክት ተቀበሉ። አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ጭራሮ፣ አንጓች የባቄላ ፍሬ፣ ሽባባው የሸክላ ስባሪ ሰጠ። አባ ድንበሩ ስድስቱንም ባርኔጣቸው ውስጥ ከትተው አወዛወዙና፣ ምልክቱ የማን የማን እንደሆነ የማያውቅ፣ ከገበያ የሚመለስ መንገደኛ ጠሩ። ሰውየው ፊቱን አዙሮ እጁን ሰደደ።

የባቄላዋ ፍሬ ወጣች።

ሽባባው በቆመበት ቁጭ አለ። ችግኙ ታየው፤ ገደሉም ታየው።

"አባ፣ ይደገም" አለ። "አራት ዓመት ስሸከም ኖሬ፣ አምና የወጣላት ትድገም? ይኼ ፍርድ ነው?"

አባ ድንበሩ አጠገቡ ተቀምጠው የሸክላውን ስባሪ ከባርኔጣው አወጡና መዳፉ ላይ አኖሩለት።

"ይችውልህ፣ ከሌሎቹ እኩል ገብታለች። አምናም ከስድስት አንዷ ነበረች፣ ዘንድሮም ከስድስት አንዷ ናት፣ ለከርሞም ያው ናት።"

"ድካሜስ? ድካሜ የትም አይቆጠርም?"

"ድካምህን እኛ እናውቃለን፣ ልጄ፤ አንጓችም አውቃልህ ደጅህ ድረስ መጥታ ነበር" አሉት ሽማግሌው። ከዚያ ባርኔጣቸውን አራግፈው አጠለቁና ቀስ ብለው፣ "ዕጣ ዕዳ የለባት፣ ያምና ለቅሶ አይሰማት" አሉ።