የአያቱን ቃሬዛ ማን ይሸከም?

ወገኖቼ፣ በአንድ የገጠር ቀበሌ የሚኖር አንድ ገበሬ ነበረ። ይበልጣል እንበለው። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ በመሬት ወሰን ጠብ ተገደለ። ገዳዩም ሩቅ ሰው አልነበረም፤ ከወንዙ ማዶ የሚኖር ስመኘው የሚባል ጎረቤታቸው ነው። ስመኘው ታሰረ። ሕፃኑን አያቱ አያ ሞላልኝ ወስደው አሳደጉት።

አያ ሞላልኝ ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? የተገደለው ልጃቸው ነው። ጠመንጃም በቤታቸው ነበረ። ክረምቱ ሲገባ ግን በሬዎቻቸውን ነድተው ወንዙን ተሻገሩና የስመኘውን መሬት አረሱለት። ልጃቸውን የገደለውን ሰው መሬት ነው የምላችሁ። የስመኘው ሚስት ሊፈጁን መጡ ብላ ልጆቿን ጓዳ ከታ ነበር። እሳቸው ግን፣ “ልጆቹ ምን አጠፉ? መሬቱ ጦም አይደር” ብለው እርፋቸውን ጨበጡ።

አገሩ ሳቀባቸው። ዘመድ አኮረፋቸው። ይበልጣል ራሱ ጎረምሳ በሆነ ጊዜ አፈረባቸው። አንድ ቀን፣ “አባባ፣ እርስዎ አባቴን አይወዱትም ነበር እንዴ?” አላቸው።

ሽማግሌውም፣ “ያንተ አባት ከመሆኑ በፊት የኔ ልጅ ነበር። እያለቀስኩ ነው የማርሰው። ግን እኔ ልጅ ማጣቴ ይበቃል። አንተን ደግሞ ለእስር ቤት አላሳድግህም” አሉት።

ዘመን አለፈ። ስመኘው እስሩን ጨርሶ ወጣ፤ በሽማግሌ ታረቁ። አያ ሞላልኝም አርጅተው፣ ልጅ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘ በሰላም ዐረፉ።

እንግዲህ ስሙ። አስከሬኑ በቃሬዛ ከቤት ወጣ። ሕዝቡ ደጁን ሞልቶታል። በዚህ መካከል አንድ ሽበታም ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ልጆቹን አስከትሎ፣ እያለቀሰ ከማዶ መጣ። ስመኘው ነው። ለቅሶው ቀጥ አለ።

የይበልጣል የአጎት ልጅ ልመንህ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ወደ ይበልጣል ጠጋ ብሎ፣ “እስከ ዛሬ እጃችንን ይዘውት የኖሩት ሽማግሌው ናቸው። አሁን የሉም። ያባትህ ደም ያንተ ነው። አንተ ካልቻልክ እኔ አለሁ” አለው።

ሁሉም ይበልጣልን አየ። እውነት እንነጋገር፤ እናንተ ብትሆኑስ?

ይበልጣል አባቱን በመልክ እንኳ አያስታውሰውም። አያቱን ግን ያስታውሳል። በሰው ማሳ ላይ እርፍ ይዘው እንባቸውን በክንዳቸው ሲጠርጉ አይቷቸዋል።

“ልመንህ” አለው፤ “አባባን የምንወዳቸው ከሆነ የሚታየው ዛሬ ነው። ጠመንጃህን ቤት አስገባ።”

“ሰው ምን እንደሚልህ ታውቃለህ?”

“አውቃለሁ። እሳቸውንም ብለዋቸዋል።”

ሕዝቡን ሰንጥቆ ወደ ስመኘው ሄደ። ስመኘው አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። ይበልጣል ክንዱን ያዘና፣ “አያ ስመኘው፣ ከፊት በኩል አንድ ትከሻ ጎድሎናል። ይምጡ፣ አባባን አብረን እናንሳቸው” አለው።

ስመኘው ተከተለው። ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ቃሬዛውን ተሸከሙ። የተገደለው ሰው ልጅና ገዳዩ፣ ትከሻ ለትከሻ።

የቆመው ለቅሶ እንደገና ተነሣ፤ ድምፁ ግን ሌላ ነበር። ሴቶቹ እያለቀሱ እልል አሉ። በቀብር መንገድ ላይ እልልታ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ያን ቀን ተሰማ። ልመንህስ? ጠመንጃውን አስቀምጦ መጣ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይደርሱ ደረሰባቸውና ከኋላ በኩል ገባ። እንዳኮረፈ ነው። ግን ተሸከመ።

ወገኖቼ፣ ሞት በዚያ ቀን ሌላ ሬሳ ሊጨምር አሰፍስፎ ነበር። አላገኘም። ሽማግሌውንም ቢሆን አሸነፍኳቸው ሊል አልቻለም፤ ገና አፈር ሳይለብሱ በልጅ ልጃቸው አፍ ተናገሩ፣ በልጅ ልጃቸው እጅ ገላገሉ። እኛ ትንሣኤን የምናምን ሰዎች ነን። ታዲያ ሙታናችንን እንደ ተሸነፉ ሰዎች ለምን እናስባቸዋለን?

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። አያቶቻችሁን ትወዷቸዋላችሁ። ፎቷቸውን አሳድጋችሁ ሳሎን ሰቅላችኋል። ተዝካር አውጥታችኋል። መልካም ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ግን እነሱ ይቅር ያሉትን ሰው ዛሬ መንገድ ላይ ስታገኙት ሰላም ትሉታላችሁ? አያትሽ የማታውቃትን የታመመች ጎረቤት እንኳ ስትጠይቅ የኖረች ሴት ናት። አንቺ ከግድግዳው ባሻገር ማን እንደታመመ ታውቂያለሽ? የአያቶቻችሁ ደጅ ለማን ነበር የሚከፈተው? በእናንተ ጊዜ ለማን ተዘጋ?

“እሳቸው ቢኖሩ ኖሮ” እያላችሁ አትቆዝሙ። እናንተ አላችሁ እኮ። ደማቸው በእናንተ ውስጥ ነው፤ ይቅርታቸውም በእናንተ ውስጥ ይኑር።

እንግዲህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በቀጥታ ወደ ቤታችሁ አትሂዱ። በተቀያየማችሁት ሰው ቤት በኩል እለፉ። በሩን አንኳኩ። “ማነው?” ሲላችሁ፣ የራሳችሁን ስም አትንገሩት። ቀና ብላችሁ፣ “የእገሌ የልጅ ልጅ ነኝ” በሉት።