በዝግባ ጎጥ አማት ከዶሮ ቤት የምትገባው ስለምንድን ነው

በዝግባ ጎጥ፣ ሙሽራ ከአማቷ ቤት ከመግባቷ በፊት አማቲቱ ራሷ ጓሮ ካለው የዶሮ ቤት ተንበርክካ ትገባለች። ሚዜዎች ደጁን በድንጋይ ይዘጉባታል፤ እሷም ከውስጥ የልጇን ስም እየጠራች ትጮኻለች፤ ልጇ ግን ከተቀመጠበት አይነሳም። ከሌላ አገር የመጣ እድምተኛ ይስቃል እንጂ የጎጡ ሰው አይስቅም።

ሽማግሌዎች እንደሚያወጉት፣ በድሮ ዘመን በዚህ ጎጥ አትጠገብ የምትባል፣ በዶሮዎቿ ብዛት የምትመካ ባልቴት ነበረች። ሰው ሁሉ አንቱ ይላት ነበር ይባላል፤ እኔ ግን ዶሮ ከሰው ለምታስበልጥ ሴት አንቱታ አይወጣኝም። አንድ ክረምት ሸለምጥማጥ ለመደባትና ዶሮዎቿን እያነቀ ይፈጅባት ጀመር፤ እሾህ ብታጥር፣ ውሻ ብታስር የሚመልሰው ጠፋ። በመጨረሻ ዐይኗን ልጇ ስንሻው ባገባት በሙጪት ላይ ጣለች።

«ውሻ ይተኛል፤ ምራት ግን አትተኛም» አለች። «ከዶሮዎቹ ጋር እደሪ። ሲገባ እየጮህሽ በዱላ በይው።»

«እሜቴ፣ ከውጭ ሆኜ ልጠብቅ» ብላ ሙጪት ለመነቻት።

አትጠገብ አልሰማቻትም። ሸለምጥማጡን እንዲስብ የታረደ ዶሮ አንጀት ከውስጥ አንጠለጠለች፤ ምራቷም ሹልክ ብላ ወጥታ እንዳትተኛ፣ ሸለምጥማጥ ብቻ የምታሾልክ ቀዳዳ ትታ ደጁን በትልቅ ድንጋይ ገጠመችው።

የደሙ ሽታ ግን የጠራው ሸለምጥማጥን ሳይሆን፣ ዝናብ ከጉድጓዱ ያስወጣውን፣ በመንጋ እየተመመ ያገኘውን ሥጋ ሁሉ የሚበላውን ገብረ ጉንዳን ነበር። ባልቴቲቱ በቤቷ ዙሪያ አመድ ነስንሳ ስለነበር ወደዚያ አልዞረም፤ ለዶሮ ቤቱ አመድ የነሰነሰለት አልነበረም።

ሙጪት ጮኸች። ስንሻው ከመደቡ ብድግ ሲል እናቱ ክንዱን ያዘችው።

«ተኛ ልጄ። መጥቶላት ነው፤ እየደበደበችው ነው።»

«ስሜን ትጠራለች እኮ።»

«ዘብ እንዲህ ነው እንጂ። ተኛ።»

ጆሮውን በጋቢው ሸፍኖ ተኛ። ጩኸቱ ጸጥ ሲል አትጠገብ «ገደለችው» አለች ይባላል።

ጠዋት ድንጋዩን ያነሳችው እሷው ነበረች። ከዶሮዎቹ የቀረው ላባና አጥንት ነው፤ የሙጪት ጥፍሮች ድንጋዩን ሲቧጥጡ ተሰባብረዋል፤ ፊቷን አይቶ የለያት ሰው አልነበረም ይባላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላል ሰው፤ ከብብት የወደቀችው ግን የሰው ልጅ ናት፤ ያንገበግበኛል።

የሙጪት አባት ጦሩን ይዞ ሲመጣ ሽማግሌዎች መሀል ገቡ። የደም ካሣ አልቀበልም አለ። የጠየቀው አትጠገብ ከዚያው ቤት እንድትገባ፣ ያው ድንጋይ እንዲገጠምባት፣ ልጇም ከደጁ ተቀምጦ እንዲያድር ብቻ ነበር፤ እንዳለውም ሆነ። ያን ሌሊት ገብረ ጉንዳን አልመጣም፤ እሷ ግን «ስንሻው፣ ስንሻው» እያለች ስትጮህ አደረች። ልጇን የከለከለው አልነበረም፤ አልተነሳም።

ከዚያ ወዲህ ለአማት ሁሉ ደንብ ሆነ፤ ዛሬ ድንጋዩን የምታነሳው ሙሽራዋ ብቻ ናት። ደንቡ በመጀመሪያው ጩኸት እንድትከፍት ያዛል። አንዳንዷ ግን ቀሚሷን ታስተካክላለች፣ ነጠላዋን ታጣፋለች፣ ቀስ ብላ ትራመዳለች። የሚያጣድፋት የለም።