የጤና ኬላው ርቀት

በአንድ የገጠር ቀበሌ ጤና ኬላ ከተሠራ ሁለት ዓመት ሞላው። ነገር ግን ባለሙያ ስላልተመደበለት በሩ አንድም ቀን ተከፍቶ አያውቅም። በቅርቡ እንኳ ምጥ የጠናባትን አንዲት ሴት ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው፣ በተቆለፈው በር አጠገብ አልፈው ከተማ እስኪደርሱ ሕፃኑ ሞተ።

በሳምንቱ አቶ ሸዋንዳኝ የሚባሉ ኃላፊ የጤናው ፕሮግራም ያመጣውን ለውጥ ሊለኩ መጡ። ሕዝቡን ጤና ኬላው ፊት ለፊት ሰብስበው የሟቹን ሕፃን አያት አስነሡ።

«እማማ፣ ድሮ ለመታከም ስንት ሰዓት ትሄጂ ነበር?»

«አራት ሰዓት።»

«አሁንስ ከቤትሽ እዚህ ለመድረስ?»

«ግማሽ ሰዓት።»

ኃላፊው ፊታቸው በራ። «ሰማችሁ? ሕክምና በሦስት ሰዓት ተኩል ቀረበላችሁ!» አሉና ወረቀት ዘረጉላት። «በይ ፈርሚ። ሌላ ወሬ አልፈልግም፤ የምፈልገው ቁጥሩን ብቻ ነው።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን አልተቀበለችም።

«ቁጥሩ መቼ አለቀና ጌታዬ! ግማሽ ሰዓቱ እኮ ከቤቴ እስከ በሩ ነው። ከበሩ እስከ መድኃኒቱ ያለውን አላውቀውም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንሄድ እስካሁን የደረሰ ሰው የለም።»