የምንትዋብ ቦርሳ ዚፕ እስኪሰፋ

ዚፕ ማለት ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት የጥርስ ረድፎች ሲሆኑ፣ አንድ ጎታች በመካከላቸው ካላለፈ በቀር አይገናኙም። ጥርሶቹ ብረት ስለሆኑ ክብር አያውቁም፤ ጎታቹ ሲመጣ ዝም ብለው ይገናኛሉ። ሰው እንዲህ አይቀልም።

ፈትለወርቅ ለእህቷ ለምንትዋብ የሳሙናና የሻምፑ መያዣ ቦርሳ በስጦታ ልትሰጣት ፈለገች። ምንትዋብ ሐሙስ ጠዋት ለመምህርነት ወደ ጋምቤላ ትሄዳለች። ባለፈው ጉዞዋ ሻምፑ ሻንጣዋ ውስጥ ፈስሶ የትምህርት ማስረጃዋን አጥቦታል፤ ሌላ ለማውጣት ስምንት ወር ፈጀባት። ፈትለወርቅ ውኃ የማያሳልፍ ሙሻማ ቆርጣ ጎን ጎኑን በእጇ ሰፋች። ዚፑ ግን መኪና ይፈልጋል፤ በሰፈሩ የስፌት መኪና ያለው ጋሽ ደምሰው ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ይቺን ዚፕ ይስፉልኝ።»

«መኪናዬ ደርቋል። ዘይቱ ያለው አናጺው መንበሩ ጋ ነው። ሰላም የማይለኝን ሰው ዘይት አልለምንም።»

«እኔ ላምጣልዎ?»

«በሰው እጅ? መጀመሪያ እሱ መጥቶ ሰላም ይበለኝ!»

ወደ አናጺው ሄደች። «ጋሽ መንበሩ፣ ለጋሽ ደምሰው ሰላም ይበሉ፤ እሳቸውም ዚፑን ይስፉ።»

«ፀጉር ቤት ስገባ ጥጋቡ ተነሥቶ ‹ኖር› አላለኝም። ደምሰው ደግሞ እያየ ሳቀ! ጥጋቡ ይነሣልኝ፣ ከዚያ እናወራለን።»

ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደች። «ጥጋቡ፣ ለጋሽ መንበሩ ተነሣ፤ ጋሽ መንበሩ ለጋሽ ደምሰው ሰላም ይበሉ፤ ጋሽ ደምሰው ዚፑን ይስፉ።»

ጥጋቡ ምላጩን ጠረገ። «እኔ ልነሣ? እድሩ ስም ሲጠራ እኔን ከሱ በታች ነው የሚጠራኝ! እትዬ አስካለ ስሜን ከፍ ያድርጉልኝ፤ እንደ ድንኳን ምሰሶ ቀጥ ብዬ እነሣለሁ።»

እትዬ አስካለ የእድሩ ጸሐፊ ናቸው። ፈትለወርቅ በአንድ ትንፋሽ ለቀቀችው፦ «እትዬ፣ የጥጋቡን ስም ከፍ ያድርጉ፤ ጥጋቡ ለጋሽ መንበሩ ይነሣ፤ ጋሽ መንበሩ ለጋሽ ደምሰው ሰላም ይበሉ፤ ጋሽ ደምሰው ዚፑን ይስፉ!»

እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አወለቁ። «የምንትዋብ ሽኝት ነገ ነው አሉ።»

«አዎ፣ ነገ ነው።»

«አሉ ነው የምልሽ፤ ከሰው ነው የሰማሁት። ከናንተ ደጅ እኔ ደጅ ስንት እርምጃ ነው? ያልተጠራሁበት ቤት ላለ ቦርሳ መዝገብ አልከፍትም።»

ፈትለወርቅ ሽኝቱ የቤተሰብ ብቻ ይሁን ብላ ነበር። አገር ያወከ ወንጀል መሥራቷን ያወቀችው ያኔ ነው።

«እትዬ ይሙቱ፣ ነገ ከሰዓት ይምጡልን።»

«ቀደም ብሎ ቢነገረኝ ምን ነበረበት! እመጣለሁ።»

እትዬ አስካለ የጥጋቡን ስም አንድ መስመር ከፍ አደረጉ። ስሙ ከፍ ሲል ጥጋቡ ለመንበሩ ተነሣ፤ «ኖር!» አለ። መንበሩ «በእግዜር» አለ፤ ሄዶም ለደምሰው ሰላም አለ፤ ዘይቱንም በገዛ እጁ ሰጠ። ደምሰው መኪናውን ዘይት አጠጣ፤ ዚፑን ሰፋ። ስፌቱ አራት ደቂቃ ወሰደ።

ምንትዋብ ሐሙስ ጠዋት ሄደች። ሻምፑው መንገድ ላይ ፈሰሰ። ከቦርሳው አልወጣም።