አንጓችን የሰለለው ጭቃ ሹም

ድሮ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያለው ያ ዋርካ የከዘራ ውፍረት በነበረው ጊዜ ነው። ቅርብ ነው የሚል ካለ ሄዶ ዋርካውን ይቀፈው፤ ክንዱ ከገጠመለት ውሸታሙ እኔ ነኝ።

በዚያ ዘመን እዚሁ ቀጨሞ አፋፍ ደምለው የሚባል ጭቃ ሹም ነበረ። ጭቃ ሹም የመንደር ሹም ነው፤ ድንበር ይለያል፣ ጠብ ይዳኛል። ደምለው ሳይሾም በፊት ጎበዝ አራሽ ነበረ። ከተሾመ በኋላ ግን ሞፈሩን ሰቀለ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በበቅሎ፣ ለቅሶ ሲደርስ በበቅሎ፣ ጎረቤት ቤት ሲጠራ እንኳ በበቅሎ ሆነ። የቀረውን ቀን መደብ ላይ ተቀምጦ ይዳኛል። አሥር ዓመት እንዲህ ተቀመጠ። በአሥረኛው ዓመት እግሩ አበጠ፣ ትንፋሹ አጠረ፣ ከመደቡ ተነሥቶ ደጅ እስኪደርስ ልቡ እንደ ከበሮ ይደልቅ ጀመር። ገና ሃምሳ ዓመቱ ነበረ። አባቱም በዚሁ ዕድሜ እንዲሁ አብጦ ነው የሞተው። ደምለው ሞትን ፈራ። ሥር ጠጣ፣ ክታብ አሰረ፣ አልተሻለውም። ሰው ሲፈራ ደግሞ የሚከስሰው ይፈልጋል።

ከመንደሩ ጠርዝ አንጓች የምትባል አሮጊት ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ልጆቿ ቆላ ወርደው በዚያው ቀርተዋል። ሰማንያ ዓመት አልፏታል። እኩዮቿ ወይ ሞተዋል ወይ ከመኝታቸው አይነሡም። እሷ ግን ወገቧ ቀጥ ያለ ነው፤ ከዘራ አትይዝም። በየማለዳው ቅርጫቷን በቅጠል ሸፍና፣ በጀርባዋ አዝላ አቀበቱን ትወጣለች። ባዶውን ይዛ ትወርዳለች። ሞልታ ትወጣለች። ባዶውን ይዛ ትወርዳለች። ከአቀበቱ ላይ ደግሞ ምንም የለም። ድሮ ማሳ ነበረ ይባላል፤ አፈሩን ጎርፍ ጠርጎት ሰው ሁሉ ትቶት ወርዷል፤ አሁን ጭንጫ ነው። በጭንጫ ላይ ምን ትሠራለች? እህልስ ከየት አምጥታ ትበላለች? ሲጠይቋት "አፈሬን እመልሳለሁ" ትላለች። ይህን ማን ያምናል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው። ቀጨሞ አፋፍ ደግሞ ጎረቤቱ ደህና ካደረ ለምን ደህና አደረ ብሎ የሚጠይቅ አገር ነው። እኔም የዚሁ አገር ሰው ነኝ፤ አልዋሽም።

አንድ ቀን ደምለው በበቅሎው ሲያልፍ አንጓችን ከመንገድ ዳር ጎንበስ ብላ አያት። አፈር ትዝቃለች። ደምለው ክው አለ። ሰው የረገጠውን አፈር ዘግኖ መተት የሚሠራ እንዳለ በቀጨሞ አፋፍ ሕፃን እንኳ ያውቃል። በዚያ መንገድ ትናንት ማን አለፈ? እሱ ራሱ አለፈ። እርግጥ ነው በበቅሎ ነው ያለፈው፤ ያን ጊዜ ግን ይህ ትዝ አላለውም።

"ጉልበቴን የወሰደችው እሷ ናት" አለ በልቡ። "የኔን እግር ወስዳ ትሄድበታለች።"

በኅዳር ሚካኤል ሸንጎ ተቀመጠ። የሸንጎው አባት ግራዝማች ቢያድጌ የሚባሉ፣ ጉልበታቸውን ቁርጥማት የያዛቸው ሽማግሌ ነበሩ። ደምለው ከሰሰ። ሰው ሁሉ "እኔም ጠርጥሬ ነበር፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር" አለ። ግራዝማች ግን እጃቸውን አነሡ።

"ያለ ምስክር ሰው ከቀየው አይነቀልም" አሉ። "አንተ ከሳሽ ነህ፤ አንተው ተከተላትና በዓይንህ እይ። ግንቦት ልደታ ስንሰበሰብ ያየኸውን በመሐላ ትነግረናለህ። መተተኛ ከሆነች ከአገር ትወጣለች።"

ከአገር ትወጣለች ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል። ዘመድ የሌላት የሰማንያ ዓመት ሴት ሜዳ ላይ ትወድቃለች ማለት ነው። ደምለው ይህን አሰበ፤ አልራራም። "ወይ እሷ፣ ወይ እኔ" አለ።

የሚሰልል ሰው ደግሞ በበቅሎ አይሄድም፤ ኮቴዋ ይሰማል። ስለዚህ ደምለው በእግሩ ወጣ።

በመጀመሪያው ማለዳ አንጓች ፊት ሄደች፣ ደምለው ኋላ ሄደ። መቶ እርምጃ ሄዶ ቆመ። መቶ እርምጃ ሄዶ ተቀመጠ። ከአቀበቱ እግር አንድ ሾላ አለ፤ እዚያ ሲደርስ ግንዱን አቅፎ ቀረ። ዓይኑ ጨለመ። አንጓች ወጥታ ወጥታ ከዓይኑ ጠፋች። ከሾላው ሥር ውሃ የያዘ ቅል ተቀምጧል። ደምለው ቅሉን አየው። "መርዝ ነው" አለ። ምላሱ ከላንቃው ተጣበቀ። "መርዝ ነው" አለና ጠጣው። ውሃ ነበረ።

በማግሥቱም ሄደ፤ እስከ ሾላው። በሦስተኛውም ቀን ሄደ፤ እስከ ሾላው። ቅሉ ሁልጊዜ ከቦታው አለ፤ ሁልጊዜም ሙሉ ነው። ይህም ራሱ አጠራጠረው። በገና ሰሞን ግን ከሾላው አልፎ እስከ ቋጥኙ ደረሰ። በጥምቀት ከቋጥኙ አለፈ። አንጓችም ያን ዓመት አካሄዷ ዝግ ያለ ነበረ። ደምለው "አረጀች፣ መተቷ ሊከዳት ነው" ብሎ ደስ አለው።

በየካቲት ከአቀበቱ ጫፍ ደረሰ። ከድንጋይ ኋላ ተደብቆ አየ። ከጭንጫው መሐል በድንጋይ ካብ የታጠረ ማሳ አለ፤ ማሳው ጥቁር አፈር ነው፤ የታጨደ ገብስ አገዳ ቆሞበታል። አንጓች ቅርጫቷን ደፋች። አፈሩን በእግሯ ጠቀጠቀች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ደምለው "አሁን ልትደግምብኝ ነው" ብሎ ጆሮውን አቀና።

"ዝናብ ወሰደ፣ እኔ መለስኩ" አለች። ወርዳ ሞልታ መጣች። "ዝናብ ወሰደ፣ እኔ መለስኩ" አለች። ሌላ ምንም አላለች።

ነገሩ ይኸው ነበረ። ክረምት ከማሳዋ ጠርጎ ቁልቁል የወሰደውን አፈር ከመንገድ ዳር እያነሣች በበጋ ትመልሳለች። ቅጠሉም ንፋስ አፈሩን እንዳይበትንባት ነው። ሰው ሁሉ ማሳውን ትቶ ሲወርድ እሷ አርባ ዓመት ሙሉ ስትመልስ ኖራለች። የምትበላውም እህል ከዚያው ነው።

ይህን ያየ ሰው ወርዶ ይቅርታ ይጠይቃል ትላላችሁ። ደምለው ግን የቀጨሞ አፋፍ ልጅ ነው። "እሺ፣ አፈሩ አፈር ነው" አለ። "ጤናዋስ ከየት ነው? አንድ የምታኝከው ሥር ይኖራል።" ስለዚህ መሰለሉን አልተወም። ምን ትበላለች? ቆሎ። ምን ትጠጣለች? ውሃ። ምን ታኝካለች? ምንም። ከዛሬ ነገ አገኘዋለሁ እያለ በየማለዳው ይወጣል፣ በየቀኑ ይወርዳል። እሷን ብቻ ሲመለከት የራሱን እግር ማየት ረሳ።

የሚስቱ የትጓደድ ዓይን ግን አልረሳም። ባሏ ጎህ ሲቀድ ይወጣል፤ በላብ ተጠምቆ ይመለሳል፤ ሌሊቱን እንደ ሙሽራ ይተኛል። እብጠቱ ጎድሏል፤ መታጠቂያው ሁለት ዙር ይዞራል። ትጓደድ ጠረጠረች።

"አንተ ሰው፣ ማን ናት?" አለችው አንድ ቀን።

"ማን ናት ማለት ምንድን ነው?"

"በየማለዳው የምትሄድባት! ሃምሳ ዓመት የሞላው ወንድ በከንቱ አይቀጥንም።"

"አንጓች ናት" አላት ደምለው፤ እውነቱን ነው። ትጓደድ ግን ያፌዘባት መስሏት ይበልጥ ተናደደችበት፤ ሦስት ቀን አላናገረችውም።

ግንቦት ልደታ ደረሰ። ሸንጎው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀመጠ። አንጓችም ተጠርታ ከዳር ተቀመጠች። ደምለው ዳገቱን ወጥቶ መጣ፣ እጅ ነሥቶ ቆመ። ሰው ሁሉ አፍጥጦ አየው።

"በቅሎህስ?" አሉት ግራዝማች ቢያድጌ።

ደምለው ወደ ኋላው ዞረ። በቅሎ የለም። በቅሎውን መጫን ከረሳ ስንት ጊዜው እንደሆነ ያን ጊዜ ታወቀው። እግሩን አየ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ ልቡ ቀስ ብሎ ይመታል። ሊያለቅስ ቃጣው፤ በሸንጎ ፊት ነውር ነውና ዋጠው።

"ያየሁትን በመሐላ እናገራለሁ" አለ። "ሴትየዋ ዝናብ የወሰደውን አፈር ትመልሳለች። ሌላ ያየሁት የለም።"

ሸንጎው ተንጫጫ። "መተቷን አስነክታዋለች!" አለ አንዱ። "በኅዳር ሊሞት የደረሰ ሰው በግንቦት ሳያለከልክ ዳገት ይወጣል? ተካፍለዋል!" አለ ሌላው። "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ሁለቱም ይውጡ!" አለ ሦስተኛው።

ግራዝማች ሸንጎውን ዝም አሰኙና ወደ ደምለው ጎንበስ አሉ። "አንተ ልጅ፣ ስማኝ። 'አስነክታኛለች፣ ሳላውቅ ነው' በል። እሷ ትውጣ፣ አንተ ሹመትህን ይዘህ ቤትህ ግባ። ካልሆነ እኔም ላድንህ አልችልም።"

ደምለው ሹመቱን አሰበ። ቤቱን አሰበ፤ ትጓደድን አሰበ። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠበቅበት። አንጓችን አያት። እሷ አላየችውም፤ አፈሩን እያየች ነበር።

"አልልም" አለ ደምለው። "ጉልበቴን የወሰደችው እሷ አይደለችም፤ መደቤ ነው የወሰደው፤ በቅሎዬ ነው የወሰደችው። እኔ አንድም ሥር አላኘክሁም። እሷን ልይዝ አቀበቱን ወጣሁ፣ ወረድሁ፤ ያደረግሁት ይኸው ነው። ካላመናችሁኝ እኔ እንዳደረግሁት አድርጉ። ሰልሉን። እስከ ከርሞ ልደታ ሰልሉንና መተት ካገኛችሁ ሁለታችንም እንውጣ።"

እመኑኝ ቢላቸው ኖሮ አያምኑትም ነበር። ሰልሉኝ ሲላቸው ግን ደስ አላቸው። ለቀጨሞ አፋፍ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ግብዣ የለም። ሁለት ሰላይ ተሾመ። ግራዝማች ደግሞ ሁለቱን ሰላዮች አላመኗቸውም፤ ከዘራቸውን ይዘው እነሱን ሊሰልሉ ወጡ። ትጓደድም የባሏን ነገር በዓይኗ ልታጣራ ወጣች፤ እነሱን የጠረጠረ ሌላውም መንደርተኛ ተከተለ። ባዶ እጅ መውጣት ያስነቃልና ለማስመሰል እያንዳንዱ ቅርጫት አፈር ያዘ። ጫፍ ሲደርሱ ቅርጫቱን መድፋት ግድ ነው። በከርሞ ልደታ የግራዝማች ከዘራ ቤት ቀርቶ ነበር። ከአንጓች ማሳ አጠገብም ሰባት ማሳ ተመልሶ ነበር። ስለ መተቱ ያነሣ አልነበረም፤ ሁሉም ቀና ብሎ እየሄደ ማን ማንን ይከስሳል?

ጊዜው ሄደ። አንጓች ዘጠና አለፋት። አንድ ቀን ከደምለው ጋር ከሾላው ሥር አረፉ። ደምለው የያዘውን ነገር ከዚያ በላይ መያዝ አልቻለም።

"እማማ" አላት፣ "ያን ዓመት፣ ከሸንጎው በፊት፣ ከኋላዎ ሆኜ ስሰልልዎት ነበር። ላስነቅልዎት ነበር።"

አንጓች ሳቀች። "ልጄ፣ የመጀመሪያ ቀን ነው የሰማሁህ። ወናፍ ይዞ የሚከተለኝ ማን ነው ብዬ ነበር።"

"ቅሉስ?"

"እኔ እዚህ ውሃ አልጠጣም ነበር።"

ደምለው አንገቱን ደፋ። "ያን ዓመት ዝግ ብለው የሄዱትም ለዚያ ነው?"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለችው።

"ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ዞረው አላዩኝ?"

"ዞሬ ባይህማ አፍረህ ትመለስ ነበር። ብትመለስ ደግሞ ትሞት ነበር" አለች። ደምለው በነጠላው ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። እሷ ቅርጫቷን አዝላ ተነሣች።

ሞት ለማንም አይቀርም፤ ለአንጓችም አልቀረም። ሦስት ቀን ታማ ሞተች። በአራተኛው ቀን ቅርጫቷ አፈር እንደያዘ ከሾላው ሥር ተገኘ። ያን ቅርጫት ወስዶ የደፋው ደምለው ነው። እሱም የልጅ ልጅ ልጅ አይቶ ነው የሞተ።

ስለዚህ እስከ ዛሬ በቀጨሞ አፋፍ ተቀምጦ ጉልበቴን፣ ወገቤን፣ ትንፋሼን የሚል ሰው ሲገኝ "ሂድ፣ አንጓችን ሰልል" ይባላል። በልደታ ማግሥት፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ሽማግሌም ሹምም ሙሽራም በእግሩ አንድ ቅርጫት አፈር ያወጣል። ሲደፋም "ዝናብ ወሰደ፣ እኔ መለስኩ" ይላል። በዚያን ቀን አቅመ ደካማው ከኋላ ይሄዳል፤ ከፊት ያለው ዝግ ብሎ ይራመዳል፤ ቅል ውሃም ከሾላው ሥር ይቀመጣል። ከፊት የሚሄደው ዞሮ አያይም። ክልክል ነው።

ይኸውላችሁ፣ ዘመን የወሰደውን እኔ መለስኩ። እውነት መሆኑን የምትጠራጠሩ ትኖራላችሁ፤ ፊታችሁ ላይ አያለሁ። ደግ ነው፤ ተጠራጠሩ። ነገ የልደታ ማግሥት ነው። እኔ ቅርጫቴን ይዤ ፊት እሄዳለሁ፤ ዞሬ አላይም።