በክትባት ቀን የተጠራ ስብሰባ

ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች መጋባታቸው በሕግ ይፈቀድ፣ አይፈቀድ እየተባለ አንድ አገር ሙሉ የተጨቃጨቀበት ጊዜ ነበር። የሚፈቅደውን ሕግ አጥብቀው የሚቃወሙት የምክር ቤት አባል አቶ ደምመላሽ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ መጥተው ስብሰባ ጠሩ። ሰው እንዲበዛላቸው ብለው ጤና ጣቢያውን ሳይቀር አስዘጉት። ቀኑ ደግሞ የክትባት ቀን ነበር።

አንዲት እናት የጎረቤቷ ልጅ በኩፍኝ ከተኛ ሳምንት ሆኖት ነበርና የራሷን ልጅ አዝላ ልታስከትብ መጣች። በሩ ተዘግቶ ብታገኘው ጭንቅ ብሏት ስብሰባው ወደሚካሄድበት አዳራሽ ገባች።

አቶ ደምመላሽ ሲያዩዋት ደስ አላቸው።

"ይኸው እናት መጣች! ነይ እስቲ ወደ ፊት። ይህ ሕግ ቢጸድቅ ልጅሽ ምን እንደሚሆን ለሕዝቡ ንገሪ፤ አትፍሪ!"

ሴትዮዋ ልጇን እሹሩሩ እያለች "ቢጸድቅ ልጄ አልተከተበም፣ ጌታዬ" አለች።

"ምን? ባይጸድቅስ?"

"ባይጸድቅም አልተከተበም።"

ሕዝቡ ሳቀ። እሳቸው ግን ተቆጡ፦ "አንቺ ሴት፣ የምናወራው ስለ ጋብቻ ነው! ለልጅሽ አትፈሪም?"

"ኧረ እፈራለሁ! ግን እኔ ሁለት ሰው ተጋባ ተብሎ ትኩሳት የያዘው ልጅ አይቼ አላውቅም። ኩፍኝ ጎረቤቴ ቤት ገብቷል፤ መርፌ የምትወጋው ሲስተር ደግሞ እርስዎ አጠገብ ተቀምጣ ታጨበጭባለች። እሷን ይልቀቁልኝና ማን ማንን ያግባ የሚለውን እስኪመሽ ይጨቃጨቁ።"

ሲስተሯ ማጨብጨቧን ትታ የጤና ጣቢያውን ቁልፍ ከኪሷ አወጣች።