ሰው የለም ያለው ጥናት

ዋናው የመብራት መስመር ባልደረሰበት ወንዝ ዳር አንድ ባለሀብት የኃይል ማመንጫ ተከለ። ኃይሉን የሚሸጥበት መስመር ስላልነበረ ኮምፒውተሮች በኮንቴይነር አስመጣና ቢትኮይን የሚባለውን የማይጨበጥ ገንዘብ ያመርትበት ጀመር። ኮምፒውተሮቹ እንዳይሞቃቸው ቀኑን ሙሉ ማራገቢያ ይዞርላቸዋል፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ሰው ግን እህሉን ለማስፈጨት የግማሽ ቀን መንገድ ይጓዛል።

ክረምት ላይ ደለል ለማመንጫው ውሃ የሚያመጣውን ቦይ ደፈነውና ማመንጫው ቆመ። ባለሀብቱ ነዋሪውን ሁሉ ሰበሰበ። ገና አፉን ሳይከፍት፣ ወፍጮ ቤት ልትሄድ እህል ያዘለች አንዲት ሴት ተነሳች።

«ጌታዬ፣ ለአንድ ወፍጮ የሚሆን መስመር ቢዘረጉልን ምን አለበት?»

ባለሀብቱ ሳቀ። «ስሚ እናቴ፣ እኔ በትልቅ ባለሙያ አስጠንቻለሁ። በዚህ አካባቢ ኃይሉን የሚጠቀም ሰው የለም ይላል ጥናቱ። ሜዳ ላይ ሊባክን የነበረውን ኃይል ነው ያዳንኩት። አሁን ወደ ቁም ነገሩ! ነገ ጠዋት ከየቤቱ አንድ ሰው አካፋ ይዞ ይውጣና ቦዩን ይጥረግ። ልማት ስለሆነ ክፍያ የለውም። አልወጣም የሚል ካለ እዚሁ ይናገር።»

 ሴትየዋ አሁንም አልተቀመጠችም።

«እኛማ በወጣን ነበር ጌታዬ፤ ጥናትዎ እንዳይበላሽ ፈርተን ነው እንጂ። ሰው የለም ተብሎ በተጻፈበት ቦታ ነገ ይሄ ሁሉ ሕዝብ አካፋ ይዞ ቢታይ፣ ያ ትልቅ ባለሙያዎ ምን ሊባል ነው? ይልቅ እሱኑ ያስጠሩት። አካፋ እናውሰዋለን።»